ከባሕር የመጣው

ዶክተሯን መጀመሪያ ያገኘቻት የወደቡ የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ቁልፏን ብታስገባ በሩ አልተቆለፈም። መብራቱም እንደበራ አድሯል። ዶክተሯ በብረቱ ጠረጴዛና በማቀዝቀዣ ክፍሉ በር መካከል በጎኗ ተኝታለች። ጽዳት ሠራተኛዋ መጀመሪያ ልትቆጣት ነበር፤ «ሥራ ሥራ ስትይ ወለል ላይ እንቅልፍ ይዞሽ ሄደ አይደል? ብርድ ቢመታሽስ!» ልትላት አፏን ከፈተች። ከዚያ ደሙን አየች። ባልዲዋን እዚያው ጥላ እየጮኸች ስትወጣ፣ እስከ ወደቡ መግቢያ ድረስ ድምፅዋን ያልሰማ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ በሩ በሰው ተጨናንቋል። ይህን ኢንስፔክተር በመሥሪያ ቤቱ «ቁጭ በል» ነው የሚሉት። ስም እንዳይመስላችሁ፣ ልመና ነው። ሰውዬው ወንበር አይወድም። ሻይ ቆሞ ይጠጣል፣ ሪፖርት ቆሞ ይጽፋል፣ ሲያስብማ ክፍሉን በእግሩ ይለካዋል። አለቃው «ኧረ ቁጭ በል፣ አዞርከኝ እኮ!» እያለ ሲለፈልፍ ኖሮ፣ በኋላ ስም ሆኖ ቀረ።

«ተገፍታ ነው» አለ ሐኪሙ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አለ። አጥብቆ ይዟት ነበር፣ ገፋት፣ ጭንቅላቷ የጠረጴዛውን ጥግ አገኘው። ትናንት አመሻሹ ላይ ነው።»

«ሊገድላት አስቦ ነው?»

«እሱን አንተ ንገረኝ። እኔ የማውቀው አጥንት ነው።»

ቁጭ በል ክፍሉን እየዞረ ተመለከተው። ካፖርትና ቱታ የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልብሶቹ ወደ አንድ ጎን ተገፍተዋል። ዓሣ የሚቀመጥበት፣ እንደ አልጋ የረዘመው ፍሪዘር ክዳኑ ተነሥቶ በረዶው ወለሉን አርሶታል። የሻወሩ መጋረጃ ተገንጥሏል። ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ዶክተሯ ሲደክማት ጋደም የምትልበት አልጋ ተገልብጧል። ናሙና የተሞሉት ትንንሽ ጠርሙሶች ግን እንደተደረደሩ ናቸው። መሳቢያዎቹን የነካ የለም። ኮምፒውተሩም ቦርሳዋም በቦታቸው አሉ።

«ሌባ አይደለም» አለ ሐኪሙ።

«አይደለም። ግን ፈትሿል። ምኑን ነው የፈተሸው?» እንደ ልማዱ አንድ ዙር ጨመረ።

ጠቡ ከየት እንደመጣ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ከተማው የሚያወራው ስለዚያው ነው። ዶክተሯ ከባሕረ ሰላጤው በተያዙ ዓሦች ስብ ውስጥ ብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት አንድ ኬሚካል አገኘች። ከተማው ውስጥ ደግሞ እሳት ቶሎ የማይበላው የፍራሽ ስፖንጅ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። እሳቱን የሚከላከለው ኬሚካልም ብሮሚን አለበት፤ ሁለቱ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ዓሣ የሚገዛ ጠፋ። አጥማጆቹ የፋብሪካውን በር ዘግተው ቁጭ አሉ። ዶክተሯ «መመሳሰል ብቻውን አይበቃም፣ ቆዩ፣ እያጣራሁ ነው» ብትልም ጆሮ የሚሰጣት አላገኘችም። እንግዲህ ሞተች ሲባል፣ ገዳዩን በጣቱ ለመጠቆም ያልተዘጋጀ ሰው በወደቡ አልነበረም።

የወደቡ ዘበኛ ኢንስፔክተሩን ወደ ጥግ ሳበው።

«ጌታዬ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ መኪና ገብታ ነበር። ሰማያዊ ናት፣ አንድ የኋላ መብራቷ የተሰበረ። የነዳት ሰው የፋብሪካውን ባጅ አድርጓል።»

«ሌላስ ማን ገባ?»

«በእኔ በር ሌላ አልገባም። በባሕሩ በኩል ግን ባለ ጀልባው ሁሉ እንደፈለገ ነው የሚወጣው የሚወርደው፣ እሱን እኔ አላይም።»

ኢንስፔክተሩ የመጨረሻውን አልሰማውም ማለት ይቻላል። ያቺን መኪና ያውቃታል። መብራቷን የሰበረው እሱ ራሱ ነው፤ የእህቱን ልጆች ሊያስቅ ወደ ኋላ ሲነዳ ከግንብ ጋር አላትሟት። የእህቱ ባል የፋብሪካው የፍሳሽ ውሃ ኃላፊ ነው።

እህቱ በሩን ከፍታ ስታየው ፊቷ በራ።

«ጋሼ! ምነው በጠዋቱ? ግባ፣ ቁርስ እያቀረብኩ ነው።»

«ባልሽ ትናንት አመሻሽ ላይ የት ነበር?»

«ቤት ነበራ፣ የት ይሄዳል?» አለች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ዓይኗን አታርገበግብም።

«ዘበኛው ወደብ ላይ አይቶታል፣ እህቴ።»

ባልየው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ከመኝታ ቤት ወጣ። ሰምቷል። እሷ ወደ እሱ ዞረች።

«ቢሮ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያመሸሁት አላልከኝም?» አለችው ቀስ ብላ። እሱ ወለሉን አየ።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካኋትም» አለ።

«ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«እዚህ አልናገርም።»

«ሚስትህ ፊት የማይነገር ምን ነገር ነው?»

ባልየው የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆለፈ። ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ወጥቷል፤ ከመንገዱ ማዶም ሰዎች እየተሰበሰቡ ነው። ወሬ እግር አለው፤ መኪናዋን ያየው ዘበኛው ብቻ አልነበረም። ቁጭ በል ካቴናውን አወጣ።

«አንተ ነህ የምታስረው?» አለች እህቱ። «አንተ? ፖሊስ ሁሉ አልቆ?»

«እኔ ካልያዝኩት ውጭ ያሉት ይይዙታል። እነሱ ደግሞ ካቴና የላቸውም።»

ይህን ያለው ሊያጽናናት ነበር፤ አይ ማጽናናት! በሩን በጀርባው ዘጋችበት።

አለቃው ጣቢያው ውስጥ ግንባሩን እያሸ ጠበቀው።

«አማችህ መሆኑን አውቃለሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ መርማሪ ጠይቄያለሁ፣ ሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ ያለኝ አንተ ነህ። ሰኞ ይህ ጉዳይ ባለበት ሁኔታ ለሌላው ይሰጣል። ባለበት ሁኔታ ደግሞ...»

«ባለበት ሁኔታ ሰውዬው አለቀለት» አለ ቁጭ በል።

«አለቀለት። ሂድና ሥራ። እየዞርክ አይደለም ታዲያ፣ እየሄድክ!»

መጀመሪያ የሄደው ወደ እስር ክፍሉ ነው። አማቹ ቀበቶውንና የጫማውን ክር ተቀምቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪውን በእጁ ይዟል።

«አንድ ጠርሙስ ልሰጣት ነበር የሄድኩት» አለ። «ከእኛ ፍሳሽ የቀዳሁት። ከዓሣው ጋር እንድታስተያየው። ሥራ አስኪያጁ ቢያውቅ በዚያው ቀን ያባርረኛል።»

«ምን አስጨነቀህ ታዲያ?»

«ምን አስጨነቀህ ትለኛለህ? ውሃውን የምለቀው እኔ ነኝ፣ ጋሼ! ልጆቼ ከዚያ ባሕር ዓሣ ይበላሉ። የገዛ ልጆቼን የምመርዘው እኔ ከሆንኩ ማወቅ የለብኝም?»

«ለሚስትህስ ለምን አልነገርካትም?»

«ሥራዬን ላጣ እንደምችል ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። ታውቃት የለ።»

«ዶክተሯ እንዴት ነበረች?»

«ደስ ብሏት ነበር። ስትስቅ ነበር። ጠርሙሱን ተቀብላ ‹ነገ የምነግራችሁን ስትሰማ፣ ይሄን ለማምጣት ባልለፋሁ ነበር ትላለህ› አለችኝ። ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ወጣሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ይኸው ነው።»

ቁጭ በል ላቦራቶሪው ተመልሶ ትንሿን ፍሪጅ ከፈተ። ጠርሙሱ አለ። ደስ ሊለው ሲል የፖሊስ ጭንቅላቱ ሥራ ጀመረ። ጠርሙሱን መስጠቱ አለመግደሉን አያሳይም። ሰጥቶ፣ ወዲያው ፈርቶ፣ «መልሽልኝ» ቢላትስ? እንቢ ብትለውስ? የሰውዬው ፊት እውነት ይመስላል፤ ግን ስንት እውነት የሚመስል ፊት አስሯል! ያን ዕለት ራሱን ጠላው።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዶክተሯን እንደማይወዳት ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«ስሜን ያጠፋች ሴት ናት። ነፍሷን ይማር፣ ግን አላለቅስላትም። ገዳይ የምትፈልግ ከሆነ ግን ተሳስተሃል፤ ትናንት እናቴ ኦፕሬሽን ላይ ነበረች። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ንቅንቅ አላልኩም። ነርሶቹን ጠይቅ።»

ጠየቀ። ነርሶቹ በደንብ ያስታውሱታል፤ ሁሉንም በየተራ ተጣልቷቸዋል። አንዷማ «እሱ እዚህ ባይኖር ኖሮ እንዴት ደስ ባለን!» አለች። ይህም በር ተዘጋ።

ቀጥሎ ካፒቴኑ ነው። ላቦራቶሪው የሚሠራባት ትንሽ ጀልባ የእሱ ናት፤ ዶክተሯ በሞተችበት ቀን አብረው ባሕር ውለዋል። ቁጭ በል ሲደርስ ሰውዬው ጀልባዋ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሞተሩን ሽፋን ይወለውላል። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው።

«ምስኪን» አለ። «እንደ እሷ ያለ ሰው አይገኝም። ናሙናዋን ሰበሰበች፣ አመጣኋት፣ ዕቃዋን አወረድኩላት፣ ቤቴ ሄድኩ።»

«መንገድ ላይ የተለየ ነገር ተናግራ ነበር? ስልክ ደውላ፣ ወይ ተደውሎላት?»

«ብትደውልስ ምን ይሰማኛል? ይሄ ሞተር ሲነሣ የራስህን ሐሳብ እንኳ አትሰማም። ስንወጣ እንዳስነሣሁት እስክንመለስ አላጠፋሁትም።»

«ቤትህስ ማን ነበር?»

«ባለቤቴ።»

ሲያወራ ዓይኑ ኢንስፔክተሩ ላይ አያርፍም። ከትከሻው በስተኋላ፣ ከባሕሩ ወደ ጀልባዋ የሚያወጣውን መሰላል ደጋግሞ ያያል። ቁጭ በልም ዞር ብሎ አየ። ውሃ ብቻ ነው።

«ሰው እየጠበቅክ ነው እንዴ?»

«እኔ? ማንን?» አለ ካፒቴኑና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በማግስቱ የፋብሪካው አጥር በድንጋይ ተደበደበ። አጥማጆቹ ጣቢያው ድረስ መጥተው «ገዳዩን አውጡት» እያሉ ጮኹ። እህቱ ለባሏ ምግብ ስታመጣ ቁጭ በልን በኮሪደሩ አለፈችው፤ ሰላምታ ቀርቶ ዞር ብላ አላየችውም። ሳህኑን ለተረኛው ሰጥታ ወጣች። እሑድ ነገ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ።

በዶክተሯ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ከአንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። የቁጥሩ ባለቤት ፕሮፌሰር ነው፤ ቁጭ በል ደጋግሞ ቢደውልለትም አላነሣም ነበር። አሁን ራሱ ደወለ፤ መሞቷን ገና መስማቱ ነው።

«አብረን ነው የተማርነው» አለ። «በዚያን ቀን ውጤቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። ደስታዋን ብትሰማው!»

«የምን ውጤት?»

«የካርቦኑ። ከዓሣው ስብ ያንን ኬሚካል ለይታ ልካልኝ ነበር። ምን ያህል ሬዲዮካርቦን እንዳለው ለካሁላት።»

«ፕሮፌሰር፣ እኔ ፖሊስ ነኝ። ቀስ ብለህ።»

«እሺ። አየሩ ውስጥ ካርቦን አለ፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ከጊዜ ጋር እየጠፋ የሚሄድ ዓይነት ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፣ አንተም፣ ዛፉም፣ ዓሣውም፣ እስካለህ ድረስ እሱን እየተካህ ትኖራለህ። ስትሞት መተካቱ ይቀራል፤ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አልቆ ይጠፋል። ነዳጅ ዘይት ከሞተ ሚሊዮኖች ዓመት የሆነው ነገር ስለሆነ ከዚያ ካርቦን ቅንጣት የለውም። የፋብሪካ ኬሚካል ደግሞ ከነዳጅ ዘይት ነው የሚሠራው። እኛ በመሣሪያ ቋንቋችን ‹የሞተ ካርቦን› ነው የምንለው። የዶክተሯ ኬሚካል ሲለካ ግን አልሞተም። ሙሉ ነው። ትናንት የተሠራ ያህል።»

ቁጭ በል ቆሞ እየሰማ ጣቱን ግድግዳው ላይ ያንኳኳል። «ፋብሪካው አላመነጨውም ማለት ነው?»

«አላመነጨውም። ስፖንጁ ነው የሠራው።»

«ስፖንጁማ የፋብሪካው አይደል?»

«ኧረ አይደለም! የፍራሹን አይደለም የምልህ። የባሕር ስፖንጅ! ከባሕሩ ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። እሱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይሠሩታል፣ ትንንሹ የባሕር እንስሳ ይበላዋል፣ ዓሣው ትንንሹን ይበላል። ሰው ፋብሪካ ሳይሠራ ጀምሮ እንደዚያው ነበር። ይጎዳል አይጎዳም፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ከየት መጣ ለሚለው ግን መልሱ ይሄ ነው።»

ቁጭ በል በመስኮቱና በበሩ መካከል ይመላለስ ጀመር። ውጤቱ ፋብሪካውን ነጻ ካወጣ፣ የፋብሪካ ሰው ዶክተሯን ትከሻው ላይ ይሸከማታል እንጂ ለምን ይገድላታል? ግን አማቹ ውጤቱን አልሰማም። ሳይሰማ ቢፈራስ? ፍርድ ቤት እንዲህ የሚለው የዓቃቤ ሕግ ድምፅ ከአሁኑ ጆሮው ላይ መጣበት።

«ስትነግራት ምን አለች? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«ጮኸች። መጀመሪያ ሞተር ስለሚጮህ አልሰማችኝም። ‹ካፒቴን፣ አጥፋልኝ እባክህ!› አለች፣ ጸጥ አለ። ነገርኳት። ‹አልሞተም! አልሞተም!› እያለች ዘለለች መሰለኝ። ‹ከባሕር ነው የመጣው! ሁሉም ሲያወሩት የኖሩት ውሸት ነው! እኔ ጋ ነው ያለው፣ ነገ ጠዋት አውጥቼ ለሁሉም አሳያቸዋለሁ!› አለች። ደስታ ነበር፣ ሌላ ምን ልበልህ።»

ቁጭ በል መመላለሱን አቆመ። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ሰነድ ይዞ የገባው ተረኛ ፖሊስ ይህን አይቶ ክው ብሎ ቀረ፤ አሞት መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

ቁም ሣጥን። ረጅሙ ፍሪዘር። የሻወር መጋረጃ። አልጋ ሥር። ጠርሙስና ወረቀት የሚገባበትን ነገር የነካ የለም። የተከፈተው ሁሉ ሰው የሚያስገባ ነው።

እሑድ ጠዋት ካፒቴኑ ቤት ሄደ። ሰውዬው ወደ ጀልባው ወጥቷል፤ ሚስቱ ብቻዋን ናት። ኢንስፔክተሩን ስታስገባ ከበሩ ላይ ሁለት አዲስ መቀርቀሪያ ገፍታ ከፈተች።

«ሌባ ገብቶባችሁ ነበር?»

«የለም። እሱ ነው፣ ዶክተሯ ከሞተች ወዲህ ፈርቷል። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።»

«በዚያን ቀን ቤት የገባው ስንት ሰዓት... ይቅርታ፣ መሽቶ ነበር ወይስ ገና ነበር?»

«መጀመሪያ መጣ፣ ምሳ ዕቃውን ወርውሮ ቆመ። ‹ሰው መጥቶ ነበር? ማንም ደውሎልሽ ነበር?› አለኝ። ማንም አልመጣም አልኩት። ‹የጀልባውን ገመድ ልፈትሽ› ብሎ ወጣ። ሲመለስ ጨልሞ ነበር። ራት አልበላም።»

«ማን ይመጣል ብሎ ፈርቶ ነው?»

«እኔስ ምኑን አውቄ? እንግዳ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። የመጀመሪያ ባሌን ፎቶ እንኳ የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀኝ።»

«የመጀመሪያ ባልሽን?»

«ጠላቂ ነበር። ለዶክተሯ ከባሕር ሥር ናሙና የሚያወጣላት እሱ ነበር፤ ከአሁኑ ባሌ ጋር በአንድ ጀልባ ነው የሚሠሩት። አንድ ቀን ጠልቆ ሳይመለስ ቀረ። ባሕር በላው። ሬሳው እንኳ አልተገኘልኝም።»

«ጀልባው ላይ ሌላ ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል? የአሁኑ ባሌ ብቻ ነው የነበረው» አለችና ድንገት ቀና ብላ አየችው። «ለምንድነው ስለ እሱ የምትጠይቀኝ?»

ቁጭ በል አመስግኖ ወጣ።

ካፒቴኑን ምርመራ ክፍል ሲያስቀምጠው ራሱም ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ካፒቴኑ በሩን ያያል፣ መስኮቱን ያያል።

«ሞተሩን አላጠፋሁም ብለኸኛል።»

«አላጠፋሁም።»

«‹ካፒቴን፣ አጥፋልኝ› ብላህ አጥፍተሃል። የደወለላት ሰው ጸጥታውን ሰምቷል። አንተም የተናገረችውን ሰምተሃል። ልድገምልህ?» ወደ ፊት ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አለው፦ «‹አልሞተም። ከባሕር ነው የመጣው። ሁሉም ሲያወሩት የኖሩት ውሸት ነው። እኔ ጋ ነው ያለው፣ ነገ ጠዋት አውጥቼ ለሁሉም አሳያቸዋለሁ።›»

የካፒቴኑ ፊት አመድ መሰለ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆመ።

«እናንተ ጋ ነው?» አለ በሹክሹክታ። «አግኝታችሁታል? የት ነው ያለው?»

«ማን?»

ካፒቴኑ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ቃሉ ግን ወጥቷል፤ የወጣ ቃል አይያዝም። ኢንስፔክተሩ ከኪሱ አንዲት ጣት የማታክል ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማት። ሥሯ ላይ ቢጫ ዘይት ጠብ ብላለች።

«ይኸውልህ። እሱ ማለት ይሄ ነው።»

«ምንድነው ይሄ?»

«የዓሣ ዘይት። ዶክተሯ የምታወራው ስለዚህ ነው። ‹አልሞተም› ያለችው ካርቦኑን ነው። ከፋብሪካ ሳይሆን ከባሕር መጣ ነው ያለችው። ስለ ሰው አልተናገረችም። ስለ ጓደኛህ ስለ ጠላቂው አንዲት ቃል አልተናገረችም።»

ካፒቴኑ ጠርሙሷን አያት። አንሥቶ ብርሃን ላይ ያዛት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቁጭ በል የሚስቅ መስሎት ነበር፣ እያለቀሰ ነው።

«ጠየቅኳት እኮ» አለ። «ሄጄ ‹እሱ የት ነው?› አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ውስጥ ነው፣ ማቀዝቀዣው ጋ› አለችኝ! እየሳቀች! ‹ጓጓህ አይደል? ና ላሳይህ› አለችኝ። ታሞ፣ ደብቃ እያስታመመችው ነው ብዬ... ክንዷን ያዝኩ። ‹እንዳታወጪው፣ እለምንሻለሁ› አልኳት። ‹ምን ሆነሃል፣ ልቀቀኝ› አለች። ገፋኋት። ልገድላት አልነበረም። ከዚያ በየቦታው ፈለግኩት። የለም። አምልጦ ወጥቶ ነው ብዬ ሁልጊዜ እጠብቀው ነበር።»

«በሕይወት ያለ ሰው ለምን አስፈራህ?»

ካፒቴኑ ጠርሙሷን በሁለት እጁ ጨበጣት።

«ከሥር እያለ ሞተሩን አስነሥቼ ሄድኩ» አለ በመጨረሻ። «ስለ እሷ ነው። ሚስቱን እወዳት ነበር። ሲወጣ ጀልባዋን ሲያጣት እንዴት እንደሚሆን ያኔ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ አስቤ አላውቅም።» ቀና አለ። «እና እሱ... እሱ ሞቷል ማለት ነው?»

«እሱን የምታውቀው አንተ ነህ» አለ ቁጭ በል፤ ተነሥቶም ጠርሙሷን ከእጁ ወሰደ።

ለካፒቴኑ ሚስት የነገራት ራሱ ኢንስፔክተሩ ነው። ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረም። አለቃው ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ዝም ቢል ኖሮ እኮ» አለ፣ «የጠላቂውን ነገር ማንም አይጠይቀውም ነበር። በሰላም አርጅቶ ይሞት ነበር።»

«በሰላም እንኳ አይመስለኝም» አለ ቁጭ በል።

ሰኞ ጠዋት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው መርማሪ ገና መንገድ ላይ እያለ፣ አማቹ ተፈታ። እህቱ በጣቢያው ግቢ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ቁጭ በል ከሩቅ ሊያልፍ ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን ጠራችው።

«ጋሼ።»

«እ።»

ለቅሶ ያሳበጠው ዓይኗ ቀጥ ብሎ ያየዋል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ። እሱ ነው ብለህ አስበህ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። በዚያ ሰዓት አንዲት «በጭራሽ!» ብትወጣው እህቱ ትመለስለታለች፣ እሑድ ምሳ ይመለስለታል፣ ልጆቹ አንገቱ ላይ ይንጠለጠሉለታል። አማቹ ከተረኛው መስኮት ላይ ቀበቶውን ተቀብሎ እየታጠቀ ነው፤ ከሩቅ አይቷቸው እጁን አነሣ።

«አዎ» አለ። «አስቤ ነበር።»

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጠጋ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ፣ እንዲያው ምንም ሳይሆን፣ አስተካከለችለትና ወደ ጆሮው ቀረበች።

«እኔም» አለች። «እንዳትነግረው።»

ከዚያ ባሏን ልታቅፍ ሮጠች።